«በአውቶቡስ ስለተመለስኩ ነው ወይ ያልያዘው?» ከባሕር ዳር ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 36 ዓመቴ ነው። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄጄ እንቁላል ተወስዶልኝ 4 ኢምብሪዮ ቀዝቅዞ ተቀምጦልኛል። ባለፈው ኅዳር አንዱን አስገቡልኝ። በሁለተኛው ቀን በአውቶቡስ ተመለስኩ። ሳይዝ ቀረ። አማቴ ‹መንገዱ አናውጦ ነው ያስጣለሽ› ይላሉ። ባለቤቴ ምንም አይልም፤ እኔን የሚከብደኝ ዝምታው ነው። ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ተቀጥሮልኛል። እንዲይዝ ምን ላድርግ? ሁለቱን አንድ ላይ ላስገባ? ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ተኝቼ ልክረም? ያጠፋሁት ነገር ካለም ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ያጠፋሽው ነገር የለም። አውቶቡሱም አላስጣለሽም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም። ነገሩ እንዲያ ስለሆነ ነው።

ማህፀን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እንስራ ነው። እንስራ ሲናወጥ ውስጡ ያለው ይፈስሳል። ያላረገዘ ማህፀን ግን ባዶ እንስራ አይደለም። የፊትና የኋላ ግድግዳው ተገጣጥሞ ነው ያለው። ሌማት ላይ አንዱ እንጀራ በሌላው ላይ ተነባብሮ ይታይሽ። በመሀላቸው አንዲት የጤፍ ፍሬ ገብታለች። ሌማቱን ተሸክመሽ ከሽምብጥ እስከ ጊዮርጊስ ብትሄጂ ያቺ ፍሬ አትወድቅም። ሽልሽ፣ ማለትም ክሊኒኮቻችን ኢምብሪዮ የሚሉት፣ ከወንድ ዘር ጋር ተዋህዶ ማደግ የጀመረው እንቁላል፣ ከጤፍ ፍሬም ያንሳል። የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። ስትነሺ አይወርድም፤ ሽንት ስትሸኚ አይወጣም፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባም አይናወጥም።

ደግሞ አስቢው። በተፈጥሮ የሚያረግዙ ሴቶች ሽላቸው ገና ሳይጣበቅ ውኃ ይቀዳሉ፣ ገበያ ወርደው ይመለሳሉ፣ ማሳ ያርማሉ። ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ከማስገባቱ በኋላ መተኛት ይጠቅም እንደሆነ ደግሞ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ጥቅም አልተገኘም። እንዲያውም ወዲያው ተነስተው የሄዱት የተሻለ ውጤት ያገኙበት ጥናት አለ። ስለዚህ ሁለት ሳምንት የሰው ቤት ተኝቶ መክረሙ ይቅርብሽ። ገንዘብሽንም ጉልበትሽንም ይበላል፤ የሚጨምርልሽ ነገር የለም። ደክሞሽ ከሆነ አንድ ቀን እረፊ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ወይም ወገብሽን የሚያምሽ ከሆነ በአውሮፕላን ነይ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ምርጫው ለምቾትሽ እንጂ ለሽሉ አይደለም።

ታዲያ ለምን አልያዘም?

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያለው ሽሉ ውስጥ ነው። የሰው ሽል ብዙ ጊዜ በክሮሞዞም፣ ማለትም የዘር መረጃ በሚሸከሙት ክሮች፣ ቁጥር ይሳሳታል። ወይ አንድ ይጎድለዋል፣ ወይ አንድ ይተርፈዋል። እንዲህ ያለው ሽል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቆንጆ ሊሆን ይችላል። ግን ወይ አይጣበቅም፣ ወይ ተጣብቆ ቶሎ ይቋረጣል። ስህተቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከእንቁላሉ ነው፤ በዕድሜም እየጨመረ ይሄዳል። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ባለች ሴት ከተፀነሱ አምስተኛ ቀን ከደረሱ 10 ሽሎች 3 ገደማው እንዲህ ያለ ችግር አለባቸው። በ40 ዓመት 6 ገደማ ይሆናሉ። በ44 ዓመት 9 ገደማ። ከማንኛውም መድኃኒት፣ ከማንኛውም ጥንቃቄ በላይ ውጤቱን የሚወስነው ይህ ነው።

አንቺን የሚያስደስተው ነገር እዚህ ላይ ነው። የሚቆጠረው ሽሉ የሚገባበት ቀን ያለሽ ዕድሜ አይደለም፤ እንቁላሉ የተወሰደበት ቀን የነበረሽ ዕድሜ ነው። አንቺ 36 ደርሰሻል፤ ሽሎችሽ ግን 33 ላይ ቆመዋል። ማህፀን እንደ እንቁላል ቶሎ አያረጅም። በጤናማ ማህፀን ላይ የሦስት ዓመት ልዩነት እምብዛም አይታይም።

«ሦስት ዓመት በረዶ ውስጥ ሲቀመጥ አይበላሽም ወይ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። «መብራት ቢጠፋስ?» የሚሉም አሉ፤ የመብራቱን ነገር ስለምናውቀው አልፈርድባቸውም። ሽል የሚቀመጠው በማቀዝቀዣ አይደለም። ፈሳሽ ናይትሮጅን ባለበት ወፍራም ታንከር ውስጥ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። ታንከሩ መብራት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ናይትሮጅኑ ሲቀንስ የሚሞላለት ሰው ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ሕዋስ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ጊዜ ይቆማል። በቀዘቀዘ ሽል የመጀመሪያው ልጅ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1984 አውስትራሊያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለ30 ዓመት ያህል ከቆዩ ሽሎች መንትዮች ተወልደዋል። ፈተናው ያለው ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ነው። አሁን ባለው ፈጣን የማቀዝቀዝ ዘዴ ከ100 ሽሎች 95 ያህሉ በሕይወት ይወጣሉ።

አሁን ወደ ወረቀትሽ እንሂድ። ክሊኒኩ የሰጠሽ ወረቀት ላይ ሽሎቹ አምስተኛ ቀን ላይ ነው ወይስ ስድስተኛ ቀን ላይ የቀዘቀዙት የሚል ይኖራል። አምስተኛው ቀን ላይ የደረሱት በአማካይ የተሻለ ይይዛሉ። የስድስተኛው ቀንም ልጅ ይሆናል፤ ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም። ከጎኑ አንድ ቁጥርና ሁለት ፊደል ይኖራል፤ «4 ኤ-ቢ» እንደሚባለው። ቁጥሩ ሽሉ ምን ያህል እንደሰፋ ይነግራል። የመጀመሪያው ፊደል ልጅ የሚሆነውን ክፍል፣ ሁለተኛው እንግዴ ልጅ የሚሆነውን ክፍል ይመለከታል። ኤ ከቢ፣ ቢ ከሲ ይሻላል። ግን ይህ መልክ ነው። ኤ-ኤ ተብሎ ያልያዘ፣ ቢ-ሲ ተብሎ ዛሬ ትምህርት ቤት የሚሄድ አለ።

በቁጥር ላስረዳሽ። ከ35 ዓመት በታች በተወሰደ እንቁላል አንድ ሽል ሲገባ ልጅ የመወለዱ ዕድል፣ በጥሩ ክሊኒክ፣ ከሦስት አንድ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ያ ማለት ሁሉ ነገር ተሟልቶ እንኳ ከሦስት ሁለቱ አይሆኑም ማለት ነው። የኅዳሩ ሽልሽ ከብዙኃኑ ጋር ሆነ፤ ይኸው ነው። አሁን ሦስት ቀርተውሻል። እያንዳንዳቸው ከ100 የ35 ዕድል ቢኖራቸው፣ ሦስቱም ሳይዙ የመቅረታቸው ዕድል ከ100 ወደ 27 ይወርዳል። ከ10 ወደ 7 የሚጠጋ ዕድል በእጅሽ አለ ማለት ነው። ሒሳቡ ለአንቺ ብቻ የተሰላ አይደለም። አንድ ሰው በአንዱ ውድቀት ሁሉን እንዳይፈርድበት ግን ይረዳል።

ከዚሁ ጋር «ሁለቱን አንድ ላይ ላስገባ?» ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ሁለት ስታስገቢ የዚያ ቀን ዕድል ትንሽ ከፍ ይላል። ሽሎቹ ግን ያው ሽሎች ናቸው፤ አንድ በአንድ ብታስገቢያቸውም ድምሩ ያው ነው። የሚለወጠው መንታ የመሆኑ ነገር ነው። መንታ በረከት ነው፣ አውቃለሁ። ሐኪሙ ግን የሚያየው ሌላ ነው፦ ቀኑ ሳይደርስ መውለድ፣ ደም ግፊት፣ ኪሎው ያነሰ ጨቅላ፣ የማሞቂያ ክፍል ወረፋ። አንድ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። የእኔ ምክር ይህ ነው።

እስካሁን የነገርኩሽ ልትለውጪው የማትችይውን ነው። አሁን ሊለወጥ ወደሚችለው ልምጣ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ በጽሑፍሽ ላይ አላገኘሁትም። ለመጀመሪያ ጊዜ አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ የሚገናኙበት ሕክምና፣ ያስፈለገሽ ለምን ነበር? «ቱቦሽ ተዘግቷል» ተብለሽ ከሆነ፣ ማለትም እንቁላል ወደ ማህፀን የሚያልፍበት ቱቦ፣ ቱቦው ውኃ ቋጥሮ እንደሆነ ታውቂያለሽ? በአገራችን ቱቦ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ባለፈ ኢንፌክሽን ነው፤ አንዳንዴም በቲቢ። ጫፉ ሲዘጋ ውስጡ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ያ ፈሳሽ ወደ ማህፀን ይንጠባጠባል። ሽሉን ያጥበዋል፣ የሚጣበቅበትንም ቦታ ያበላሻል። እንዲህ ያለ ቱቦ ባለበት ማስገባት ዕድሉን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። መፍትሔ ግን አለው፦ ቱቦውን ማውጣት ወይም ከማህፀኑ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ መዝጋት። አንዲት ሴት «ቱቦዬን ቆርጬ ልጣልና በምን ላርግዝ?» ብላ አልቅሳብኛለች። በአይ ቪ ኤፍ ቱቦ አያስፈልግም። ሽሉ በቀጥታ ማህፀን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የተበላሸው ቱቦ የሚሰጥሽ ነገር የለም፤ የሚወስድብሽ ግን አለ። ከፋሲካ በፊት ጊዜ አለሽ። የድሮውን የቱቦ ራጅሽን ፈልጊና ለሐኪምሽ አሳዪ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሪ ከሆነ ይህን ሥሪ።

ማህፀኑ ራሱም በደንብ መታየት አለበት። ወደ ውስጥ የገባ ማዮማ (የማህፀን እጢ)፣ ፖሊፕ (በማህፀን ውስጥ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ)፣ ከድሮ ጠረጋ የቀረ ጠባሳ፣ ማህፀኑን ለሁለት የሚከፍል ግድግዳ፣ እነዚህ ሁሉ ቦታ ይይዛሉ። በውጭ በኩል ያለ ትንሽ ማዮማ ግን ምንም አያደርግም፤ «እጢ አለብሽ» ስለተባልሽ ብቻ ቢላ ሥር አትግቢ። ቀድሞ ቲቢ ታመሽ ከነበረ ወይም የወር አበባሽ በጣም ካነሰ ሳትጠየቂ ተናገሪ። የማህፀን ቲቢ ሳል የለውም፤ ዝም ብሎ ነው ግድግዳውን የሚያበላሸው።

ሽሉ የሚጣበቅበት የማህፀን የውስጥ ግድግዳ የሚዘጋጅበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ በራስሽ የወር አበባ ዑደት ነው። እንቁላልሽ በራሱ ሲወጣ ቀኑ ይቆጠርና ከአምስት ቀን በኋላ ሽሉ ይገባል። ሌላው በመድኃኒት ነው። ግድግዳውን የሚያወፍረውን ሆርሞን፣ ኢስትሮጅንን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ትወስጂያለሽ፤ ከዚያ ግድግዳው ሽል እንዲቀበል የሚያደርገው ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ይጨመራል፤ በፕሮጄስትሮኑ በስድስተኛው ቀን ሽሉ ይገባል። በመያዝ በኩል ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ልዩነቱ በኋላ ይመጣል። በራሱ ዑደት ሲሆን፣ እንቁላሉ የወጣበት ቦታ ላይ የሚቀረው ቢጫ አካል የራሱን ሆርሞኖች ያመነጫል። በመድኃኒቱ መንገድ ያ አካል የለም። በዚያ መንገድ ባረገዙ ሴቶች ላይ የእርግዝና ደም ግፊት በብዛት ይታያል። የወር አበባሽ ቀኑን የሚጠብቅ ከሆነ «በራሴ ዑደት ይሆናል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህ መንገድ ለባሕር ዳር ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ። እንቁላሉ የሚወጣበትን ቀን ለማግኘት በየሁለት ቀኑ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፤ 560 ኪሎ ሜትር ርቀሽ ይህ ቀላል አይደለም። ግን ክትትሉ እዚሁ ባሕር ዳር ታይቶ ውጤቱ በስልክ ሊላክ ይችላል። ክሊኒክሽ ይስማማ እንደሆነ አነጋግሪ። በመድኃኒቱ መንገድ ከሄድሽም አትጨነቂ፤ ብቻ ካረገዝሽ በኋላ የደም ግፊትሽ በየቀጠሮው ይለካ።

ግድግዳው 7 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ እንዲሆን እንፈልጋለን። በአልትራሳውንድ ሦስት መስመር ሆኖ ሲታይ ጥሩ ነው። ከ7 ካነሰ ዕድሉ ይቀንሳል። ጥቂት ቀን ኢስትሮጅን ጨምሮ መጠበቅ ይቻላል፤ ሽሉ የትም አይሄድም።

አሁን እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር፦ ፕሮጄስትሮን። በመድኃኒቱ መንገድ የምትሄጂ ከሆነ እርግዝናውን የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። ሰውነትሽ አይሠራውም። አንድ ቀን ሚያዝያ ላይ አንዲት እናት ወደ ክፍሌ ገቡ። ከልጃቸው ጋር ነበሩ። ልጅቷ ከቦርሳዋ የመድኃኒት ካርቶን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከፈትኩት። በብልት የሚገባው ፍሬ ቅርጹ ጠፍቷል። ቀልጦ፣ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቆ፣ እንደገና ረግቶ አንድ ጠፍጣፋ ነጭ ነገር ሆኗል። መኪናው ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ነበር ያመጣችው። «ግማሹን በጣቴ እየቆረስኩ ነው የተጠቀምኩት» አለችኝ። ምን ያህሉ እንደገባ ማንም አያውቅም። ሽሉ ከገባ አራተኛ ቀኗ ነበር። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ማንም አልነገራትም፤ የባሕር ዳር ሚያዝያ ደግሞ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ያንቺም ቀጠሮ በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አንብቢ። መንገድ ላይ በእጅ ቦርሳሽ፣ ጥላ ውስጥ ያዢው። ቤት ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው። የቀለጠ ከገጠመሽ አትገምቺ፤ ደውዪ።

የፕሮጄስትሮን መርፌ ከታዘዘልሽ ደግሞ ዘይት ነው፤ ወፍራም ነው፤ ያማል። ከመወጋትሽ በፊት ብልቃጡን በእጅሽ ጨብጠሽ ብታሞቂው ይቀጥናል። በየቀኑ የሚወጋሽ ሰው ካሁኑ ይታወቅ። እሁድስ ማነው? የበዓል ዕለትስ? ፋርማሲው ዝግ ሲሆንስ? መድኃኒቱ አልቆ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ቢያንስ የሦስት ሳምንት ትርፍ ይዘሽ ተመለሺ። ሰዓቱንም ጠብቂ። ግድግዳው ሽል የሚቀበልበት ጊዜ አጭር ነው፤ የሚቆጠረውም ፕሮጄስትሮን ከተጀመረበት ሰዓት ነው። መጀመሪያው ላይ አንድ ቀን ብትዘገዪና ብትደብቂ ሽሉ በተሳሳተ ቀን ይገባል። ብትናገሪ ግን ቀኑ ይገፋል፤ በቃ። በማስገቢያው ሰሞን በደም ውስጥ ያለው መጠን እንዲለካም ጠይቂ። በብልት በሚወሰደው በሚሊ ሊትር ከ10 ናኖግራም በታች ሲሆን መርፌ ወይም ሌላ ይጨመራል።

እንቅርት በአካባቢያችን ብዙ ነው። የታይሮይድ ምርመራሽ ከቆየ አሁን ድገሚው። ስኳርሽንም እይው። ሁለቱም እዚሁ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ካልተስተካከሉ ፅንስ ሊያስቋርጡ ይችላሉ። ፎሊክ አሲድ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ካሁኑ ጀምሪ።

ስለ ወባ ማንም የነገረሽ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች አያነሱትም፤ እዚያ ወባ የለም። እኛ ግን ጣና ዳር ነን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣ ወባ እርግዝና ሊያቋርጥ ይችላል። ሽሉ ከገባበት ቀን ጀምሮ በአጎበር ተኚ። ትኩሳት ከመጣ «የሆርሞኑ ነው» ብለሽ አትቀመጪ፤ የዚያኑ ዕለት ተመርመሪ። ለሚያክምሽም ሰው «ሽል ገብቶልኛል» ብለሽ ንገሪ። እርግዝናሽ ገና በምርመራ አይታይም፤ ካልነገርሽው ለእርጉዝ የማይሰጥ መድኃኒት ሊያዝልሽ ይችላል። ፕሪማኪን አንዱ ነው።

ከዐቢይ ጾም ወጥተሽ ነው የምትገቢው። ምስርና ሽሮ ሥጋና ወተትን ባይተኩም ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ጾሙ ዕድልሽን አያበላሽም። የሚያሳስበኝ የኪኒኑ ሰዓት ነው። በቀን ሁለት ሦስቴ የሚዋጥ ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቆየት አይቻልም። ንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለመድኃኒት የሚከለክሉሽ አይመስለኝም። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ይቅርብሽ። ጠላና ጠጅም እንዲሁ። ቡና ካማረሽ አቦሉን ጠጪና ቶናና በረካውን ለእንግዶች ተዪው።

ጸበልን በተመለከተ ከማንም ጋር አልከራከርም። እኔም አማኝ ነኝ። ዘጌ ሄደው ተጠምቀው፣ መድኃኒታቸውንም በሰዓቱ ወስደው ልጅ ያቀፉ ሴቶች አውቃለሁ። አንዲቱ ግን «ከጸበሉ ጋር አይሄድም» ተብላ ሆርሞኑን በአምስተኛው ቀን አቆመችው። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ አስባታለሁ። ጸበሉን ተጠመቂ፤ መድኃኒቱን አታቋርጪ።

ገንዘብሽን የሚፈልጉ ተጨማሪ ነገሮችም ይቀርቡልሻል። መጀመሪያው ባልያዘ ማግስት ሰው «ምንም ይሁን አድርጉልኝ» ይላል፤ የዋህነት አይደለም፣ ጭንቀት ነው። ሽሉ ይበልጥ እንዲጣበቅ ተብሎ የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ መፋቅ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት 1,364 ሴቶች ተካተዋል፤ የተፋቁትም ያልተፋቁትም እኩል ወለዱ። የማህፀን ግድግዳ ተቆርጦ «የመቀበያ ቀን» የሚለካበት ውድ ምርመራም አለ። በ2022 በ767 ሰዎች ላይ ታይቶ ጥቅም አላመጣም። የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝበው መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ይሰጠኝ የሚሉ አሉ። የእሱ ቅርብ ዘመድ የሆነው ፕሬድኒሶን በዚያው ዓመት በ715 ሴቶች ላይ ተሞክሮ አልጠቀመም፤ ሴቶቹ ደግሞ ደጋግሞ አልይዝ ያላቸው ነበሩ። ይህን ሁሉ ገንዘብ ለቀጣዩ ሽል አስቀምጪው።

ጭንቀቱስ? «ተጨንቀሽ ነው ያልያዘው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ንግግር ያናድደኛል፤ ሴቲቱን ሁለት ጊዜ ነው የሚቀጣት። እ.ኤ.አ. በ2011 የ14 ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ተሰብስቦ ታይቷል፤ 3,583 ሴቶች ነበሩ። ከሕክምናው በፊት የተጨነቁትና ያልተጨነቁት እኩል ነው የያዘላቸው። ስለዚህ ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ። ሽሉ አይሰማውም።

ለአማትሽ የእንጀራውን ምሳሌ ንገሪያቸው። ክፉ አስበው አይመስለኝም፤ የልጅ ልጅ ናፍቆት ምክንያት ያስፈልገዋል፣ በዓይን የታየው ደግሞ አውቶቡሱ ነው። ባለቤትሽን ግን ይዘሽው ሂጂ። በማስገቢያው ቀን ክፍሉ ውስጥ ይግባ፤ ከፈቀዱለት። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሽንትሽን ይዘሽ ትተኛለሽ፤ የሞላ ፊኛ ማህፀኑን በአልትራሳውንድ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ይገባል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ ትላለች። አየሩ ናት እንጂ ሽሉ አይደለም፤ ሽሉ ግን ከእሷ ጋር ነው። ብዙ ወንዶች ዝምታቸው የሚፈታው እዚያች ነጥብ ላይ ነው።

ደም ምርመራው ሽሉ ከገባ ከ9 እስከ 11 ቀን ባለው ጊዜ ይሠራል። ባሕር ዳር ላይ ልትሰጪው ትችያለሽ። ከዚያ በፊት በሽንት መመርመር ይቅርብሽ፤ ቶሎ ሲሆን የሌለ ነው ይላል፣ እንቁላሉ እንዲወጣ የሚያደርገውን የማፍለቂያ መርፌ ተወግተሽ ከነበረም ያለ ነው ይላል። በመሀል ነጠብጣብ ደም ብታዪ አለቀ ማለት አይደለም። ከያዘላቸውም ብዙዎቹ ያዩታል። ደም አየሁ ብለሽ ፕሮጄስትሮኑን እንዳታቆሚ። ውጤቱ «አለ» ካለም እንዳታቆሚ፤ በመድኃኒቱ መንገድ ከሄድሽ እንግዴ ልጁ ሥራውን እስኪረከብ፣ እስከ 10ኛውና 12ኛው ሳምንት ድረስ ትቀጥያለሽ። ውጤቱ «የለም» ካለም የሚያስቆምሽ ሐኪምሽ ነው። ወረቀቱን በእጅሽ እንደያዝሽ ደውዪላቸው።